ከስፖርት በፊት የሚጠጣው ዱቄት

በየጂሙ «ፕሪ-ወርካውት» የሚባለው ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ከስፖርት ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ይጠጣል። ጣሳው ከፊት ጉልበትና ትኩረት ቃል ይገባል፤ ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የንጥረ ነገሮች ዝርዝር አለ። ደጋፊው «ተአምር ነው» ይላል፣ ነቃፊው «ገንዘብ ማባከኛ»። ዝርዝሩን ከጥናቶቹ ጋር አስተያይቶ ላየው ግን ሁለቱም ቸኩለዋል። ከውስጡ ጥቂቶቹ በእርግጥ ይሠራሉ፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ ግን በዕለቱ ከስፖርት በፊት መወሰዳቸው ምንም አይጨምርላቸውም። ዱቄቱ ስሙን ያገኘው ከሰዓቱ ነው፣ ማስረጃውም የሚከዳው እዚሁ ላይ ነው።

ሰዓቱን የሚያከብረው ካፌይን ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎል ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ኬሚካል እየበዛ ድካም ያሰማናል፤ ካፌይን የአዴኖሲንን ማረፊያ ቀድሞ ይይዝበታል። ዓለም አቀፉ የስፖርት ሥነ-ምግብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አቋም ብቃትን በአስተማማኝ የሚያሻሽለው መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም ነው ብሏል፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ210 እስከ 420 ሚሊግራም መሆኑ ነው። በ2019 የታተመ ጥናት ገበያ ላይ ያሉ 100 ታዋቂ ዱቄቶችን ሲመረምር በአንድ መጠን በአማካይ 254 ሚሊግራም ካፌይን አግኝቷል። መጠኑ ይበቃል ማለት ነው። ታዲያ ቡና ምን አነሰው? አንድ ተገቢ መልስ አለ፤ በስኒ ውስጥ ያለው ካፌይን እንደ ፍሬው፣ እንደ አቆላሉና እንደ አፈላሉ ስለሚለያይ ልኬት ለሚፈልግ አትሌት አይመችም። ለሌላው ሰው፣ በተለይ ቡና አገሩ ለሆነው፣ ይህ ክርክር ብዙም አያስኬድም።

ክሪያቲን በሌላ መንገድ ይሠራል። ለአጭርና ለኃይለኛ እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ ብረት ለማንሳት፣ ከካፌይን የማይተናነስ ማስረጃ አለው። ነገር ግን ጡንቻ ክሪያቲንን እንደ ሮቶ ነው የሚያጠራቅመው፤ አንዴ ከሞላ ጠዋት ተጨመረ ማታ ለውጡ እዚህ ግባ አይባልም። በየቀኑ ከ3 እስከ 5 ግራም ለሳምንታት መውሰድ ያስፈልጋል። በ2019ኙ ጥናት ክሪያቲን ያለባቸው ምርቶች ግን በአማካይ የያዙት 2.1 ግራም ነው፣ ያውም ዱቄቱ ስፖርት በሌለበት ቀን ብዙውን ጊዜ አይጠጣም። ቤታ-አላኒንም እንዲሁ ነው። ጡንቻ ውስጥ ካርኖሲን የሚባል ንጥረ ነገርን አብዝቶ አሲድን የሚያለዝበው ከ4 እስከ 6 ግራም በየቀኑ ቢያንስ ለሁለት እስከ አራት ሳምንት ሲወሰድ ነው፤ በዱቄቶቹ ውስጥ የተገኘው አማካይ ግን 2 ግራም ነው። ፊትንና እጅን ውርር የሚያደርገው እሱ ነው። ብዙ ሰው «ሥራ ጀመረ» የሚለው ይህን ስሜት ነው፣ ስሜቱ ግን የቆዳ ነርቮች መነካት እንጂ ከጡንቻ ጋር ግንኙነት የለውም።

በዝርዝሩ ውስጥ ስላለው ሌላ ንጥረ ነገር፣ ስለ ሲትሩሊን፣ የሚነገረው ተስፋ በአብዛኛው የመጣው በ2010 ከታተመ ጥናት ነው፤ 8 ግራም ሲትሩሊን ማሌት የወሰዱ ሰዎች በመጨረሻው ዙር የደረት ልምምድ ድግግሞሻቸው ከ50 በመቶ በላይ ጨምሯል ተብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ጥናቶች የሚያሳዩት ውጤት ካለም ትንሽ ነው። ቅርንጫፍ ያላቸው አሚኖ አሲዶች ደግሞ በቂ ፕሮቲን ለሚበላ ሰው የሚጨምሩለት ነገር እምብዛም ነው። ከቀይ ስር የሚገኘው ናይትሬት የተሻለ ማስረጃ አለው፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀድሞ መወሰድ አለበት እንጂ።

«እኔ ግን ልዩነቱ ይታወቀኛል» የሚለው መቃወሚያ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በ2006 የታተመ ጥናት ብስክሌተኞችን አንዴ ብዙ፣ አንዴ ጥቂት ካፌይን፣ አንዴ ምንም የሌለበት ትወስዳላችሁ እያለ ሁልጊዜ ምንም የሌለበት እንክብል ሰጣቸው። ብዙ ካፌይን ወስደናል ብለው ሲያምኑ ጉልበታቸው 3.1 በመቶ ጨመረ፣ ጥቂት ወስደናል ብለው ሲያምኑ 1.3 በመቶ፤ ምንም አልተሰጠንም ብለው ሲያምኑ ቀነሰ። ስለዚህ ስሜቱ እውነተኛ ነው፣ የዱቄቱ ስለመሆኑ ግን ምስክር አይሆንም። «እምነትም ቢሆን ከጠቀመ ምን ቸገረ?» ለሚል፣ እምነቱ ከካፌይን ጋር ታሽጎ ነው የሚሸጠው። በ2013 በታተመ ጥናት ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን ከእንቅልፍ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀንሷል። ከሥራ በኋላ ማታ ጂም የሚገባ ሰው ያገኘውን ጉልበት በማግስቱ መልሶ ይከፍላል።

የቀረው የዝርዝሩ ታማኝነት ነው። ከላይ በተጠቀሰው የ2019 ጥናት ከንጥረ ነገሮቹ 44 በመቶ ያህሉ «የባለቤትነት ቅይጥ» በሚል ስም መጠናቸው ተደብቋል። በአሜሪካ የ1994 ሕግ መሠረት አምራቹ ዱቄቱ እንደሚሠራ ከሽያጭ በፊት ለመንግሥት ማስረዳት አይጠበቅበትም። ለልብ አደገኛ የሆነው ዲኤምኤኤ የሚባል አነቃቂ የገባባቸውን ምርቶች በሚመለከት የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ማስጠንቀቂያ የላከው በ2012፣ ዱቄቶቹ መደርደሪያ ላይ ከዋሉ በኋላ ነበር። ኢንፎርምድ ስፖርትን የመሰሉ ገለልተኛ መርማሪዎች የሚሰጡት ማህተም ለሚወዳደር አትሌት ትልቅ ጥበቃ ነው፤ የሚመሰክረው ግን ምርቱ ለተከለከሉ ነገሮች መመርመሩን ነው፣ መሥራት አለመሥራቱን አይነካም።