ሥራው ለውጭ ሲሰጥ ዕውቀቱ የት ይቀራል?

ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ተነሥቶ ወደ ካዛንቺስ የሚሄድ መንገደኛ በግራና በቀኝ የሚያያቸው ሆቴሎች፣ የባንክ ቅርንጫፎችና የንግድ ቢሮዎች መዝገባቸውን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ካዛወሩ ሰንብተዋል፤ ዳሩ ግን የእንግዳውን ክፍል የሚይዘው፣ ደመወዙን የሚያሰላው፣ የአስቀማጩን ገንዘብ የሚቈጥረው ሥርዓት ሲታወክ ምስጢሩን የሚያውቀው ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ በሕንፃው ውስጥ፣ አንዳንዴም በአገሩ ውስጥ አይገኝም።

ድርጅቶች ሥራውን ለውጭ የሚሰጡት ከስንፍና የተነሣ አይደለም። የአንድን ባንክ ዋና የሒሳብ ሥርዓት ከመሠረቱ ማሠራት ዓመታት የሚፈጅ፣ ቢሳካም በሌላ አገር አስቀድሞ የተፈተነውን ያህል የማያስተማምን ስለ ሆነ፣ ንግድ ባንክ የጄኔቫውን የቴሜኖስን ሥርዓት፣ አዋሽ ባንክም የኦራክልን ፍሌክስኪዩብ ገዝተው መሥራታቸው የሚነቀፍ አይደለም። በዚያ ላይ፣ ስንት ተደክሞበት የሠለጠነው ወጣት ልምድ ባገኘ ማግሥት ደመወዝ ወደሚጨምርለት ጎረቤት ባንክ ወይም ጭራሹን ወደ ባሕር ማዶ ስለሚሄድ፣ ሥራ አስኪያጁ «ዛሬ ኖሮ ነገ ከማይኖር ሠራተኛ የተፈረመ ውል ይሻለኛል» ቢል ማን ይፈርድበታል?

የውሉም አካሄድ የታወቀ ነው፤ ጨረታ ይወጣል፣ አሸናፊው የመጠቀሚያ ፈቃዱን ይሸጣል፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የጥገናና የድጋፍ ክፍያ ይጠይቃል። ሌሊት ሥርዓቱ ሲቆም ተረኛው የአይቲ ሠራተኛ የስሕተቱን መልእክት ፎቶ አንሥቶ ይልክና ለአለቃው ደውሎ «ቲኬት ከፍተናል» ይላል፤ በማዶ ያለው ሰው ከርቀት ገብቶ እስኪያስተካክለው ድረስም ስክሪኑን ትኵር ብሎ ከማየት በቀር ሥልጣን የለውም። ማለዳ መስኮቱ ላይ የደረሰው ደንበኛ የሚሰማው ግን «ሲስተም የለም» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው።

ክፍያው በዶላር መሆኑ ሌላው ቀንበር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም፣ የኡራኤል በዓል በሚውልበት ሰኞ፣ ምእመናን ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ደብሩ በሚጎርፉበት ዕለት፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉን አስታወቀ፤ እስከዚያ 57 ብር ገደማ የነበረውም ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የሶፍትዌሩ ዓመታዊ ክፍያም፣ በሥርዓቱ ላይ አንዲት ፊደል ሳትጨመር፣ በብር ወደ እጥፍ ተጠጋ።

ሥራን ለባዕድ በውል መስጠት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም ሲመሠረት ሥራውን በውል ተቀብሎ የመራው የአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ሲሆን፣ ሥራ አስኪያጁም አብራሪውም የባሕር ማዶ ሰው ነበረ። ነገር ግን የማስተማሩ ተግባር ከሥራው ጋር ጎን ለጎን ስለ ተያዘ፣ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 አዛዥ ሆነው ለማብረር፣ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔም በ1971 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ለመሆን በቁ፤ ያኔ ደቀ መዝሙር የነበረው አየር መንገድ ዛሬ የሌሎችን የአፍሪካ አየር መንገዶች አውሮፕላኖች ቦሌ ላይ ይጠግናል። ይህ የሆነው ግን ሩብ ምዕት ዓመት ታግሦ ነው።

ቴሌ ያን ያህል ጊዜ አልተሰጠውም። በኅዳር 2003 ዓ.ም ኢትዮ ቴሌኮም ሲቋቋም አስተዳደሩ ለፍራንስ ቴሌኮም የተሰጠው ለሁለት ዓመት ነበር፤ በሁለት ዓመትም የአሠራር ደንብ ይዘረጋ ይሆናል እንጂ ሊቅ አይፈራም። በ2005 ዓ.ም የኔትዎርኩ ማስፋፊያ በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ለሁዋዌና ለዜድቲኢ ተከፋፍሎ ተሰጠ፤ በ2013 ዓ.ም የተጀመረው ቴሌብርም የቆመው በሁዋዌ ሥርዓት ላይ ነው።

የአገር ልጅ አይችልም እንዳይባል፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመውና አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የሶፍትዌር ኩባንያ አፖዚት የሌጎሱን የገንዘብ ማስተላለፊያ የፓጋን ሥርዓት ሲሠራ ቆይቶ፣ በ2020 ፓጋ ራሱ ጠቅልሎ ገዝቶታል። (ናይጄሪያዊው ያመነውን እጅ የእኛ ገዢ የሚጠራጠርበት ምክንያት ለእኔ አልተገለጠልኝም።)

እንግዲህ የባንክ ቦርድ አባላትና የመንግሥት ግዢ ኃላፊዎች ሆይ፣ ሥራን ለውጭ መስጠት ይቅር አልልም። የሚቀጥለውን ውል ከመፈረማችሁ በፊት ግን ስንት ኢትዮጵያውያን በስንት ዓመት ሥርዓቱን እንደሚረከቡ፣ ሻጩ ቢከስር የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ በማን እጅ በአደራ እንደሚቀመጥ፣ ይህ ባይፈጸም ከክፍያው ምን ያህል እንደሚያዝ በአኃዝ የሚናገር አንቀጽ አስገቡ፤ አንቀጹን የማይቀበል ሻጭ ቢገጥማችሁም ጨረታውን እንደገና አውጡ።