ትንሿ አውሮፕላን የምትችለውና የማትችለው

በቂሊንጦ ከሚገኙ የሰበካ ጉባኤ አባላት ጋር ስንወያይ፣ መኪና ወደማይደርስበት ገጠር ለሚላክ ርዳታ «አውሮፕላን ለምን አይታሰብም?» የሚል ጥያቄ ቀርቦልን ነበር። ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ፣ ለሌሎችም አጥቢያዎች ይጠቅም ዘንድ መልሱን በዚህ ጽሑፍ ለማብራራት ወደድን።

ለዚህ ዓይነት አገልግሎት በሀገራችን ከሚታወቁት አውሮፕላኖች አንዷ ትዊን ኦተር ናት። ዴ ሃቪላንድ የተባለው የካናዳ ፋብሪካ የሠራት ይህች ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው በ1957 ዓ.ም. ነው። እስከ 19 መንገደኞች ትይዛለች። ጎማዎቿ የማይታጠፉና ጠንካራ ስለሆኑ ሣርና ጠጠር አያስቸግራቸውም። ከክንፏ ኋላ የሚዘረጋው ሰፊ ክፍል በዝግተኛ ፍጥነትም አየር ላይ ያቆማታል፤ ስታርፍም ፕሮፔለሮቿ አየሩን ወደ ፊት በመግፋት ቶሎ እንድትቆም ይረዷታል። ስለዚህ በባሕር ጠለል ከፍታ 400 ሜትር ያህል ሜዳ ይበቃታል። በደጋችን ግን አየሩ ስስ በመሆኑ የሞተሩም የክንፉም ጉልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ወይ ሜዳው መርዘም፣ ወይ ጭነቱ መቀነስ አለበት።

የላሊበላ ማረፊያ አስፋልት ሳይለብስ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትዊን ኦተሮች በበጋ ወራት ተሳላሚዎችንና ጎብኚዎችን ያመላልሱ ነበር። ክረምት ሲገባና ሜዳው ሲጨቀይ ግን በረራው ይቋረጥ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜም ወርልድ ቪዥንን የመሰሉ ድርጅቶች በዚህችው አውሮፕላን ሠራተኞችንና መድኃኒትን ወደ ተራራማ ቦታዎች አድርሰዋል። ብዙውን እህል ያጓጓዙት ግን ከባድ መኪናዎችና ሄርኩለስ የተባሉት ትልልቅ አውሮፕላኖች ነበሩ።

ምክንያቱን ለመረዳት የቂሊንጦ ነዋሪ በየዕለቱ በደጁ ሲያልፍ የሚያየውን ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና ማሰብ ይበቃል። መኪናው ከነተሳቢው 400 ኩንታል ይጭናል። የትዊን ኦተር ጭነት ግን 20 ኩንታል እንኳ አይሞላም፤ መንገዱ ሲርቅ ነዳጁ ስለሚበዛ ጭነቱ ይበልጥ ያንሳል። አንድ መኪና በአንድ ጉዞ የሚያደርሰውን እህል ለማድረስ አውሮፕላኗ ከ20 ጊዜ በላይ መመላለስ ይኖርባታል። እንግዲህ እህልና አልባሳት የመኪና ድርሻ ናቸው፤ ክትባት፣ መድኃኒት፣ ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጥ አልሚ ምግብና ጊዜ የማይሰጥ ሕመምተኛ ግን የአውሮፕላን ድርሻ ናቸው።

አደጋውንም መዘንጋት አይገባም። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የመንግሥት የርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ትዊን ኦተር ከአዲስ አበባ ወደ ፑኝዶ የስደተኞች ሰፈር ስትጓዝ ከተራራ ጋር ተጋጨች። የአሜሪካ ምክር ቤት የረኃብ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩት ሚኪ ሊላንድ አብረዋቸው ከነበሩት 15 ሰዎች ጋር ሕይወታቸው አለፈ። ስብርባሪው የተገኘው ከቀናት ፍለጋ በኋላ ነበር። የተጓዙት የተራቡትንና የተሰደዱትን ለመጎብኘት ነበር፤ የዓላማው ቅድስና ግን ደመናንና ተራራን አያስወግድም።

ስለዚህ በረራ ለሚጠባበቁ አጥቢያዎች ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ጥቅል በሚዛን ተመዝኖ ክብደቱ ይጻፍበት፤ በግምት የተጫነ ጭነት ነፍስ ያጠፋል። ሁለተኛ፣ በማረፊያው አቅራቢያ ያሉ ካህናትና ምእመናን ድንጋዩን ይልቀሙ፣ ኩይሳውን ያፍርሱ፣ የውኃ መውረጃውን ይክፈቱ፤ አውሮፕላኗ በምትመጣበትም ሰዓት ከብትና ሕፃናትን ከሜዳው ያርቁ። ሦስተኛ፣ አብራሪው «ዛሬ አይቻልም» ሲል በልመናም ሆነ በቁጣ አናስጨንቀው። መድኃኒቱ ነገ ሊደርስ ይችላል፤ የጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም።

ቸሩ አምላካችን ለተቸገሩት የምንዘረጋውን እጅ ይባርክልን።