በማሽን ውስጥ ያለው ጽሑፍ የማን ነው?

አንድ ማታ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ አንድ አባት ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። መስተዋቱ ላይ የወጣውን «መልእክት» የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል አነበቡና፣ «ልጆቼ፣ እኔስ ከእናንተ ተማርኩ። ይቺ ግን አማርኛ የት ተማረች?» ብለው ጠየቁን። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚሳቅበት አልነበረም። እኛም ቶሎ የሚሆን መልስ አጥተን «ሰዎች ጽፈውላት ነው» ብለን አለፍነው። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን አጥሯል። አሁን አስፍተን እንጻፈው።

ዛሬ በስልክ፣ በኮምፒዩተር፣ በትራክተርም ጭምር ውስጥ ጽሑፍ አለ። ይህ ጽሑፍ ማሽኑ ምን መሥራት እንዳለበት ተራ በተራ የሚነግር ትእዛዝ ነው። «ይህ ቁልፍ ሲነካ መብራቱን አብራ። ባትሪው ሲደክም ለባለቤቱ አሳውቅ። ሞተሩ ከልክ በላይ ሲግል አጥፋው።» ይህን የመሰለ ትእዛዝ በሺህ፣ አንዳንዴም በሚሊዮን የሚቆጠር መሥመር ሆኖ ይጻፋል። ስሙ ፕሮግራም ነው፤ ሶፍትዌርም ይባላል። ጥማድ በሬ ያለ አራሽ ትልም አያወጣም። ማሽንም ያለ ፕሮግራም ዝም ያለ ብረት ነው።

ፕሮግራም ሁለት መልክ አለው። መጀመሪያ ሰው ጽፎ ሰው በሚያነበው መልክ ይሠራል። ከዚያ ማሽኑ ብቻ ወደሚረዳው፣ 0 እና 1 ብቻ ወደ ሞላበት መልክ ይለወጣል። ስንዴና ዱቄት እንደ ማለት ነው። ስንዴው ከተፈጨ በኋላ ይጋገራል እንጂ አይዘራም። ብዙዎቹ ኩባንያዎች የሚሸጡልን ዱቄቱን ነው። ዘሩን ቆልፈው ያስቀምጡታል።

ታዲያ ምን ችግር አለው? እንጀራው ከተጋገረ አይበቃም ወይ? የሚል ይኖራል። የአሜሪካ ገበሬዎች የደረሰባቸውን እንመልከት።

በአሜሪካ ጆን ዲር የሚባል ስመ ጥር የእርሻ መሣሪያ ኩባንያ አለ። የዛሬ ትራክተሮቹና የአጨዳ ማሽኖቹ ሙቀትን፣ የዘይትን ግፊትና ሌላውንም በሚለኩ ትንንሽ መሣሪያዎች የተሞሉ ናቸው። ከነዚህ አንዱ ሲበላሽ ፕሮግራሙ ሞተሩን ያዳክመዋል፣ ወይም ጨርሶ ያቆመዋል። ገበሬው መፍቻ ይዞ የተበላሸውን ዕቃ በአዲስ ይለውጣል እንበል። ፕሮግራሙ አዲሱን ዕቃ ካልተቀበለው ማሽኑ ላይነሳ ይችላል። እንዲቀበለው የሚያደርገው ቁልፍ ለብዙ ጊዜ በኩባንያው ባለሙያ እጅ ነበር። አዝመራው ደርሶ፣ ዝናቡ እያስገመገመ፣ ሰው ባለሙያ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር። እናንተ ይህን ለመረዳት የእኛን ማብራሪያ አትፈልጉም። አንዳንዶቹ ገበሬዎች ጭንቅ ሲሆንባቸው ከዩክሬን በስውር የተገኘ ፕሮግራም እየጫኑ የገዛ ትራክተራቸውን እስከ መጠገን ደረሱ።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 ኩባንያው ለአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት አስተያየቱን ጻፈ። ገበሬው የገዛው ትራክተሩን ነው፣ በውስጡ ባለው ፕሮግራም ግን የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት የለውም የሚል ነበር። ፕሮግራሙ ከተነካካ ማሽኑ አደጋ ሊያደርስ ይችላል፣ ጭሱም ሕግ ከሚፈቅደው ልክ ያልፋል ሲልም ይከራከራል። በዚህ ውስጥ ምንም እውነት የለም አንልም። ሆኖም ማረሻ የገዛ ሰው ማረሻውን መሞረድ አይፈቀድለትም ማለት ለእኛ አይዋጥልንም። ለአሜሪካ ገበሬዎችም አልተዋጠላቸውም። ተሰባስበው ጮኹ። በ2023 የኮሎራዶ ክፍለ ግዛት ለእርሻ መሣሪያ የመጠገን መብትን የሚሰጥ ሕግ አወጣ፤ በ2024 መጀመሪያም በሥራ ላይ ዋለ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከሁለት ክፍላተ ግዛት ጋር ሆኖ ኩባንያውን ፍርድ ቤት ከሰሰው።

ከእናንተ መካከል ማንበብ ሳይችል ሌላው በጻፈው ወረቀት ላይ በአውራ ጣቱ የፈረመ ይኖራል። ወረቀቱ የሚለውን የሚያውቀው ያነበበው ሰው ብቻ ነው። የመሬትም ይሁን የብድር፣ ጉዳዩ የእናንተ፣ ምስጢሩ የሌላ ይሆናል። የተቆለፈ ፕሮግራምም እንደዚያ ወረቀት ነው። ልዩነቱ ፊደል የቆጠረውም የማያነበው መሆኑ ነው።

ይህን ነገር ቀድሞ የተቃወመ አንድ ሰው ነበር። ሪቻርድ ስቶልማን ይባላል። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፕሮግራም ጸሐፊ ነበር። በ1980 ገደማ ለመሥሪያ ቤቱ አዲስ የማተሚያ መሣሪያ መጣ። መሣሪያው ወረቀት እየነከሰ ይቆማል። ሰዎች ታትሞልናል ብለው ሲሄዱ አንድም ገጽ አልወጣም። ስቶልማን በቀድሞው መሣሪያ ላይ «ወረቀት ተነክሷል፣ ኑ አስተካክሉ» የሚል መልእክት እንዲልክ ፕሮግራሙን አሻሽሎት ነበር። በአዲሱ ላይ ግን አልቻለም። የመጣለት ዱቄቱ ነው። ዘሩ በሌላ ዩኒቨርሲቲ አንድ ባለሙያ ዘንድ እንዳለ ሰምቶ ሄዶ ለመነው። ባለሙያው ለማንም ላልሰጥ ፈርሜአለሁ ብሎ መለሰው። ነገሩ የወረቀት መነከስ ነው፤ ስቶልማን ግን ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ ለዚህ ጉዳይ ሰጠ።

በሴፕቴምበር 1983 ማንም ሊያነበውና ሊያሻሽለው የሚችል ሙሉ የኮምፒዩተር ሶፍትዌር ለመሥራት መነሳቱን አስታወቀ። ሥራውን ግኑ ብሎ ሰየመው። ነፃ ሶፍትዌር የሚባለውም ይኸው ዓይነት ነው። ነፃ ሲባል ግን ዋጋ የማይከፈልበት ማለት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ነፃ ሰው ስንል ዋጋ የሌለው ሰው ማለታችን አይደለም። ነፃ ሶፍትዌር ቢሸጥም ነፃ ነው።

በ1989 ለዚህ ሥራ የሚሆን የፈቃድ ወረቀት ወጣ። ሐሳቡን በእኛ ቋንቋ ስንገልጸው እንዲህ ነው። ዘሩን ውሰድ፤ እንደ ፈለግህ ዝራው፤ አሻሽለው፤ ለጎረቤትህም ስጥ። ለራስህ ብቻ ብትዘራው ማንም አይጠይቅህም። ለሌላ ከሰጠህ ግን ዱቄት ብቻ አድርገህ አትስጥ፤ ዘሩንም ጨምርለት። እኛ ይህን አንቀጽ ካወቅን ጀምሮ ብልሃቱ ያስደንቀናል። ሌሎቹ ሕጉን ለመቆለፍ ሲጠቀሙበት እሱ በዚያው ሕግ በሩ እንዳይቆለፍ አደረገበት።

ሥራው እየሄደ አንድ ነገር ጎደለው። ብረቱንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘው አስኳል ገና አልሆነም ነበር። በኦገስት 1991 በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት ወጣት አንድ አስኳል እየሠራሁ ነው ብሎ ለሌሎች አሳወቀ። ለመዝናኛ ያህል ነው፣ ትልቅ ነገር አይሆንም ብሎ ነበር። ግምቱ ጨርሶ ተሳሳተ። አስኳሉ ሊኑክስ ተባለ። በ1992 ያንኑ የፈቃድ ወረቀት ለበሰ። ከዚያ በኋላ ደቦ የተጠራ ይመስል ከየአገሩ ሰዎች መጥተው ሠሩበት። አንዱ በደመወዝ፣ አንዱ በትርፍ ሰዓቱ ይጽፋል። አንዱ የሌላውን ስሕተት ያርማል። ከ2017 ወዲህ በዓለም ላይ በፍጥነታቸው የታወቁት 500 ኮምፒዩተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር፤ እኛን በጣም ስለሚያስደስተን ነው። ማርስ የምትባለው ከምድራችን ቀጥላ ፀሐይን የምትዞር ዓለም ናት። አየሯ እጅግ ስስ ነው፤ ከምድራችን አየር ከመቶ አንድ እጅ ቢሆን ነው። በአፕሪል 2021 ኢንጀኒዩቲ የምትባል 1.8 ኪሎ የምትመዝን ሄሊኮፕተር እዚያ ተነስታ በረረች። ትእዛዝ የሚያስፈጽምላት ዋና ዕቃ ከስልክ ውስጥ ከሚገኘው ዓይነት ነበር፤ የሚመራውም ሊኑክስ ነው። የታሰበላት 5 በረራ ሲሆን እስከ ጃንዋሪ 2024 ድረስ 72 ጊዜ በራለች። ለዚህች ሄሊኮፕተር ባገለገሉት ክፍት ፕሮግራሞች ላይ እጃቸውን ያሳረፉ ሰዎች ሲቆጠሩ ወደ 12 ሺህ ተጠጉ። አብዛኞቹ ጽሑፋቸው ማርስ መድረሱን አላወቁም ነበር።

ወደ አባታችን ጥያቄ እንመለስ። ስልካቸው አንድሮይድ የሚባለው ዓይነት ነው፤ አስኳሉም ሊኑክስ ነው። ስልኩ ግን ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጠዋል። ቀድሞ ይህን ቁጥር እያንዳንዱ ድርጅት እንደ መሰለው ይሰጥ ስለ ነበረ፣ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። በ1999 ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ግእዝን ጨመረ። በዚህ መዝገብ ሀ 4608 ነው። ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ይቀጥላል፤ ለ 4616 ላይ ይጀምራል። ሀ ሁን እንደ ቆጠርነው ማለት ነው! መዝገቡን ማንም ያነበዋል። ለፊደሎቹ መልክ የሰጡ ሰዎችም አሉ። ከነዚህ አንዱ አቢሲኒካ የተባለው የፊደል ቅርጽ ነው። ማንም ወስዶ እንዲያሻሽለው ተፈቅዷል።

ሁሉ ነገር ክፍት ነው ብለን ግን አናታልላችሁም። በአንድሮይድ ስልክ አስኳሉ ክፍት ቢሆንም ኩባንያዎቹ ከላይ የሚደርቡት ብዙው ዝግ ነው። ባለ ቁልፍ ትንንሾቹ ስልኮች ደግሞ አብዛኞቹ ሙሉ በሙሉ የተቆለፉ ናቸው። ክፍት መሆኑም ብቻውን አንባቢ አያደርግም። ቋንቋውን መማር ይጠይቃል፤ እኛም ገና በመማር ላይ ነን።

በሌላ ማታ ከአባታችን ጋር ስልካቸውን ይዘን ተቀመጥን። «ቅንብሮች» የሚለውን ራሳቸው አንብበው ከፈቱ። ከዚያ «ስለ ስልክ»፣ ቀጥሎ «ሕጋዊ መረጃ» የሚለውን አገኙ። በውስጡ የፈቃድ ወረቀቶቹና ጸሐፊዎቹ ተዘርዝረዋል፤ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። በጣታቸው ወደ ላይ ቢገፉት፣ ቢገፉት አላልቅ አለ። «ይህ ሁሉ ሰው ነው የጻፋት?» አሉን። አዎ አልናቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ ልጃቸውን ጠርተው «ና፣ እስቲ ይህን እይ» አሉት።