የአየር ማጣሪያ ለጁባ ቤት፦ ምን ዓይነት ይገዛል? ምንስ አይጠበቅበትም?

በጋው ከገባ እስከ መጋቢት ድረስ ጁባ ላይ ዝናብ ጠብ አይልም ማለት ይቻላል። ሃይ ማላካልን በመሳሰሉ ሰፈሮች ያልተነጠፈው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ይደርቅና አንድ የውሃ ቦቴ ባለፈ ቁጥር ቀይ አቧራው ከግቢው አጥር በላይ ይነሣል። ሲመሽ የየግቢው ጄኔሬተር ይጀምራል። ቆሻሻ የሚነሣው ብዙ ጊዜ በእሳት ነው። ከከተማው ውጭ ደግሞ ወቅቱ ሣር የሚቃጠልበት ነው፤ ደቡብ ሱዳን በአፍሪካ የሰደድ እሳት ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ስትሆን ጢሱ ከነፋሱ ጋር ከተማ ድረስ ይዘልቃል። በዚህ ሁሉ ላይ የእኛው ቤት የከሰል ምድጃ፣ የቡና መቁያና የእጣን ጢስ ይጨመራል።

በጁባ በሆቴል፣ በምግብ ቤት፣ በውሃ ማመላለስና በንግድ ኑሯቸውን የመሠረቱ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። አስም ያለበት ልጅ ወይም ሳል የማይለቀው አረጋዊ ያለበት ቤት ከዱባይ፣ ከካምፓላ ወይም ከአዲስ አበባ የአየር ማጣሪያ ለማስመጣት ማሰቡ ተገቢ ነው። ገንዘቡ ግን ቀላል ስላልሆነ፣ ከመክፈል በፊት የማሽኑን ባሕርይና የሚገባበትን ቤት ማወቅ ያስፈልጋል።

ማሽኑ ራሱ ውስብስብ አይደለም። ማራገቢያው የክፍሉን አየር ይስባል፤ አየሩ መጀመሪያ ፀጉርና ጉድፍ በሚያስቀር መረብ፣ ቀጥሎ እንደ ወረቀት በተጣጠፈ ጥቅጥቅ ማጣሪያ፣ በብዙዎቹ ላይም በመጨረሻ በከሰል ሽፋን ያልፍና ተመልሶ ወደ ክፍሉ ይለቀቃል። ከውጭ ንጹሕ አየር አያስገባም፤ አያቀዘቅዝም፤ ኦክስጅን አይጨምርም።

ዋናው ሥራ የመካከለኛው ማጣሪያ ነው፤ ስሙ ሄፓ ይባላል። የተፈጠረው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ የአቶሚክ ቦምብ ስትሠራ ራዲዮአክቲቭ ብናኝ እንዳያመልጥ ለመያዝ ነበር። ብዙ ሰው ሄፓን እንደ ወንፊት ያስበዋል፤ ቀዳዳው ስለጠበበ ብናኙን የሚያስቀር ይመስለዋል። አሠራሩ ግን ከዚያ የተለየ ነው። ተለቅ ያለው ብናኝ አየሩ በክሮቹ ዙሪያ ሲታጠፍ አብሮ መታጠፍ አቅቶት ክሩ ላይ ይጋጫል። እጅግ ደቃቁ ደግሞ በአየር ሞለኪውሎች ወዲያና ወዲህ እየተገፋ ሲባዝን ከአንዱ ክር ጋር ይጣበቃል። ለመያዝ የሚያስቸግረው በሁለቱ መካከል ያለው፣ ወደ 0.3 ማይክሮን የሚጠጋው ነው። ስለዚህ መመዘኛው የሚለካው በዚሁ በአስቸጋሪው መጠን ላይ ነው፦ በአሜሪካው መለኪያ እውነተኛ ሄፓ ከእነዚህ ውስጥ 99.97 ከመቶውን መያዝ አለበት። በአውሮፓው ኤች 13 የተባለው ደረጃ 99.95 ከመቶ ይይዛል። ካርቶኑ ላይ «የሄፓ ዓይነት» ወይም «ሄፓ መሰል» ተብሎ ከተጻፈ ቃሉ ምንም ግዴታ አይጥልበትም፤ ይተዉት።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ነው። ከናፍጣ፣ ከከሰልና ከሣር ቃጠሎ የሚወጣው ጢስ አብዛኛው ከ2.5 ማይክሮን ያነሰ በመሆኑ አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሩትም፤ ሳንባ ሥር ይደርሳል፤ ከፊሉም ወደ ደም ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ለዚህ ደቃቅ ብናኝ የሚመክረውን የዓመት አማካይ መጠን ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም በኪዩቢክ ሜትር ዝቅ ያደረገው ጉዳቱ ቀድሞ ከታሰበው ባነሰ መጠንም እንደሚከሰት ስለታየ ነው። ጠረጴዛ ላይ በጣት የሚጻፍበት ቀይ አቧራ ሌላ ነገር ነው። እሱ ከባድ ስለሆነ ማሽኑ ጋ ሳይደርስ መሬት ይወርዳል። ለእሱ መድኃኒቱ ማሽን ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ነው፤ በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ እንደገና ያስነሣዋል።

ሲገዙ መጀመሪያ መታየት ያለበት ቁጥር በሰዓት ስንት ኪዩቢክ ሜትር የተጣራ አየር ያወጣል የሚለው ነው። በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ሲኤዲአር» ተብሎ ካርቶኑ ወይም መመሪያው ላይ ይገኛል። የአሜሪካ አምራቾች ማኅበር የሚሰጠው ስሌት ወደ ሜትር ሲመለስ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል 12 ኪዩቢክ ሜትር በሰዓት ያህል ይሆናል። አራት በአራት የሆነ መኝታ ቤት 16 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ወደ 200 የሚጠጋ ያስፈልገዋል። ሻጩ «ለ40 ካሬ ሜትር ይበቃል» ቢል ቃሉን ብቻ አይመኑ፤ እንዲህ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚሰላው አየሩ በሰዓት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ እንዲጣራ ታስቦ ነው። ደግሞም ያ ቁጥር የተለካው ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ ሲጮኽ ነው። በዚያ ድምፅ ማንም አይተኛም፤ ሌሊት ዝቅ ይደረጋል። አቅም ከፈቀደ ከሚያስፈልገው አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ገዝቶ በመካከለኛ ፍጥነት ማሠራት የተሻለ ነው።

ቀጥሎ የቤቱ ጉዳይ ይመጣል፤ እኔ በጁባ ውሳኔውን የሚሰጠው ይህ ነው ባይ ነኝ። አየር ማጣሪያ የሚሠራው በተዘጋ ክፍል ነው። መስኮት ከተከፈተ ያጣራውን ያህል ከውጭ ይገባል። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. የደቡብ ሱዳን መንግሥት ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል ብሎ በመላው አገሪቱ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ነበር፤ በ2025ም በየካቲት ተማሪዎች በሙቀት ስለወደቁ እንደገና ተዘጉ። በእንዲህ ያለ ሙቀት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መስኮት ዘግቶ መተኛት አይቻልም፤ መሞከሩም ለጤና አደገኛ ነው። ስለዚህ ኤሲ የሌለው ቤት ማሽኑን ባይገዛ እመክራለሁ። ያን ገንዘብ የማብሰያ ቦታውን ከቤት ለማውጣት ያውለው። ኤሲ ያለው ክፍል ግን ቀድሞውንም ዝግ ነው፤ የተለመደው የግድግዳ ኤሲ የሚያዞረውም የዚያኑ ክፍል አየር ነው። ማጣሪያው እዚያ ዋጋውን ያወጣል። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ሳሎን ውስጥ አያስቀምጠው፤ ቤተሰቡ ለስምንት ሰዓት ያህል በሚተኛበት ክፍል ያድርገው።

መብራቱንም ማሰብ ግድ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ 33 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የናፍጣ ኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከፊሉ ጁባ የመስመር መብራት አግኝቷል፤ ብዙው ግን አሁንም በጄኔሬተርና በሶላር ይኖራል። ለአንድ መኝታ ቤት የሚሆን ማሽን ከ30 እስከ 60 ዋት ይበቃዋል፤ አነስተኛ ሶላርና ኢንቨርተር ይሸከመዋል። ከአሜሪካ የሚላክ ዕቃ ብዙ ጊዜ የ110 ቮልት ስለሆነ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ይቃጠላል። ከጄኔሬተር ጋር ደግሞ ስታብላይዘር ቢኖር ጥሩ ነው። አንዲት ትንሽ የምትመስል ነገርም ልብ ይበሉ፦ በጣት የሚነካ ቁልፍ ያላቸው ብዙዎቹ ማሽኖች መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራሳቸው አይነሡም፤ ሌሊቱን ሙሉ ጠፍተው ያድራሉ። የሚሽከረከር ቁልፍ ያለው እዚያው ቦታው ስለሚቆይ ወዲያው ይቀጥላል። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ርካሹ ባለማዞሪያ ከውዱ ባለስክሪን ይበልጣል።

መለዋወጫ ማጣሪያውን ከማሽኑ ጋር አብረው ይግዙ፤ ቢቻል ሁለት። አምራቹ ስድስት ወር ወይም ዓመት ይላል፤ በጁባ በጋ ግን ቶሎ ይጠቁራል። የፊተኛውን መረብ በየሳምንቱ አጥቦ ማድረቅ የሄፓውን ዕድሜ ያረዝማል። ሄፓው ራሱ ግን አምራቹ «ይታጠባል» ካላለ ውሃ አይንካው። ኦዞን የሚያመነጭ ማሽን ደግሞ በፍጹም አይግዙ፤ ኦዞን ራሱ ሳንባን ይጎዳል፤ ካሊፎርኒያ ከ0.050 ፒፒኤም በላይ ኦዞን የሚያወጣ የቤት አየር ማጣሪያ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላለች። የገዙት ማሽን «አዮናይዘር» የሚል ቁልፍ ካለው፣ እሱም ኦዞን ሊያወጣ ስለሚችል አጥፍተው ያስቀምጡት።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ማሽኑ የማይዘው ነገር ነው። ከሰል ሲነድም ሆነ ጄኔሬተር ሲሠራ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም፤ ብናኝ ስላልሆነ ሄፓ አይዘውም፤ ሽታ የሚቀንሰው የከሰል ሽፋንም አያስቀረውም። ደም ውስጥ ገብቶ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ከሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል። ራስ ያማል፤ ያቅለሸልሻል፤ ያንቀላፋል፤ የተኛውም አይነቃም። በአገራችን በክረምት ከሰል መኝታ ቤት አስገብተው የሞቱ ቤተሰቦችን ዜና ያልሰማ የለም። ማሽኑ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ «አየሩ ንጹሕ ነው» እያለ ሰው ሊሞት ይችላል፤ የሚቆጥረው ብናኝን እንጂ ጋዝን አይደለም።

ስለዚህ ከሰሉ ከነምድጃው በረንዳ ላይ ይሁን፤ ቡናውም እዚያው ይቆላ። ጄኔሬተሩ ቢያንስ ስድስት ሜትር ከቤቱ ይራቅ፤ ጭስ ማውጫው ወደ ማንም መስኮት አይዙር፤ የጎረቤትም ቢሆን። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ከአየር ማጣሪያ በጣም ይረክሳል፤ በኪስ ሻንጣ ይገባል። ከዱባይ ወይም ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ዘመድ ዕቃ የሚያዝዙ ከሆነ፣ እባክዎ ደወሉን አስቀድመው ይዘዙ፤ ማጣሪያው በሚቀጥለው ጉዞ ይምጣ።