ነዋሪው አራብሳ ገባ፣ የምክር ቤት ወንበሩ ፒያሳ ቀረ

እስኪ ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተሩን ክፈቱ። 2,739,551 ጻፉና ለ23 አካፍሉት። 119 ሺህ ገደማ መጣ አይደል? የመጀመሪያው ቁጥር በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የተገኘው የአዲስ አበባ ሕዝብ ነው። 23ቱ ደግሞ ከተማዋ ፓርላማ የምትልክባቸው የምርጫ ክልሎች ናቸው። ከዚያ በፊት በ1987 በተደረገው ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 2.1 ሚሊዮን ነበር፤ ለ23 ሲካፈል 92 ሺህ ገደማ ይደርሳል። በ12 ዓመት ውስጥ በእያንዳንዱ የምርጫ ክልል ላይ በአማካይ 27 ሺህ ሰው ተጨመረበት ማለት ነው። የምርጫ ክልሎቹ ቁጥር ግን በ1997ም 23፣ በ2013ም ያው 23።

አማካይ ደግሞ አታላይ ነው። ኢኮኖሚክስ ስማር ቶሎ የገባኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ እግርህ በረዶ ላይ ጭንቅላትህ እሳት ላይ ሆኖም በአማካይ ደህና ነህ ይሉሃል። አዲስ አበባ እኩል አላደገችም። ሰው የጎረፈው ወደ አያት፣ ወደ ሰሚት፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ ነው። የሕዝቡ ብዛት ስላስቸገረ ነው እኮ በ2013 ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ለሚ ኩራ የሚባል 11ኛ ክፍለ ከተማ የተቋቋመው። መሀል ከተማው በተቃራኒው ሳሳ፤ በ2016 ፒያሳ ፈረሰ፣ በ2017 ካዛንቺስ ተከተለ። ከዚያ የተነሳው ነዋሪ አዲሱ ሰፈሩ ላይ 6 ወር ከኖረ እዚያ ተመዝግቦ መምረጥ ይችላል። የመምረጥ መብቱን ይዞት ይሄዳል፣ ወንበሩን ግን ይዞ መሄድ አይችልም። ሰው በበዛበት ሰፈር የአንድ ሰው ድምፅ ይቀላል፣ ሰው በለቀቀበት ሰፈር ደግሞ ይከብዳል።

ታዲያ ለምን አይስተካከልም? ሕጉ መንገዱን ያውቀዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል፤ በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ ምርጫ ቦርድ ረቂቅ ያቀርባል፣ የምርጫ ክልሎችን አከላለል የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። ቁልፉ ቆጠራው ነው። ከ1999 በኋላ ያለው ቆጠራ በ2009 መድረስ ነበረበት። ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ፣ ከዚያ ወረርሽኙና ጦርነቱ መጡ። ያልተቆጠረ ሕዝብ ደግሞ በእኩል አይከፈልም።

ቆጠራው ቢካሄድም ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። አንቀጽ 54 የፓርላማውን አባላት ቁጥር ከ550 አያሳልፍም፤ አሁን ያሉት ወንበሮች 547 ናቸው። የቀረችው ክፍተት ሦስት ወንበር ብቻ ናት። ለአዲስ አበባ አምስት ወንበር ይጨመር ካልን ቢያንስ ሁለቱ ከሌላ ቦታ ይነሳሉ። ከማን ላይ? ይህን ጥያቄ ደፍሮ የሚያነሳ ፖለቲከኛ ብዙ አላየሁም፤ አልፈርድባቸውም፣ በዚህ አገር ወንበር መንካት ቀልድ አይደለም።

የከተማው ምክር ቤት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የ550ው ጣሪያ እሱን አይመለከተውም። 138 ወንበር አለው፤ ለ23 ስታካፍሉት ልክ 6 ይወጣል። በ1997 ቅንጅት ከ138ቱ 137ቱን ወሰደ፤ በ2013 ብልጽግና 138ቱንም ጠቀለለ። ፓርቲው ተቀየረ፣ መጠቅለሉ ግን አልተቀየረም። እኔ ብጠየቅ አባላት ይጨመሩ አልልም። ከተማዋ ወደ ትናንሽ የምርጫ ክልሎች ትከፈልና እያንዳንዱ የራሱን አንድ ሰው ይላክ ባይ ነኝ። ያኔ የአራብሳ ሰው ውሃ ሲጠፋበት ለማን እንደሚደውል ያውቃል።

ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩባትን ዋሽንግተን ዲሲን እዩ። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ቆጠራ 689,545 ሰው ነበራት፤ በ8 ዋርድ ሲከፈል ለእያንዳንዱ 86 ሺህ ገደማ ይደርሳል። ሕጉ ከዚህ በ5 ከመቶ በላይ መራቅን አይፈቅድም። ዋርድ 6 ግን ወንዝ ዳር ያለው ኔቪ ያርድ የሚባለው ሰፈር በአዳዲስ አፓርታማ ስለተሞላ 108 ሺህ ደርሶ ተገኘ። ምክር ቤቱ በ2021 መጨረሻ መስመሩን ቀየረ፣ ኔቪ ያርድም ባብዛኛው ወደ ዋርድ 8 ተዛወረ። ያለ ጭቅጭቅ አላለፈም፤ ድሃው ሰፈር የሀብታም ጎረቤቶች ድምፅ ይውጠን ይሆን ብሎ ሰግቷል። ቢሆንም የተጨቃጨቁት ሁሉም በሚያውቀው ቁጥር ላይ ነው። የምክር ቤታቸው አባላት በጠቅላላ 13 ናቸው፤ አሥራ ሦስት ብቻ!

የአባላት ብዛት ብቻውን ምን እንደሚያመጣ ደግሞ እኛው ሞክረነዋል። ከ1997 ምርጫ በኋላ የቀበሌ ምክር ቤቶች እስከ 300 አባል እንዲኖራቸው ተደረገና፣ በሚያዝያ 2000 በአገር አቀፍ ደረጃ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ወንበር ለምርጫ ቀረበ። በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ በላይ ውክልና ከየት ይመጣል? ግን ይህን ሁሉ ወንበር የሚሞላ እጩ ማቅረብ የሚችለው ገዢው ፓርቲ ብቻ ነበር፤ ተቃዋሚ ያገኘው በጣት የሚቆጠር ነው። 300 ሰው አዳራሽ ገብቶ ያጨበጭባል እንጂ በጀት አይመረምርም።

ከዚያ በኋላ የወረዳና የቀበሌ ምርጫ የተካሄደው በ2005 ነው። በ2010 መደገም ነበረበት፣ ተራዘመ፤ በ2013ም አልተካተተም። ስለዚህ ዕድሜያችሁ ከ30 በታች ከሆነ፣ መታወቂያ የምታወጡበትን ወረዳ ምክር ቤት መርጣችሁ አታውቁም።