«እጅ ከፍንጅ ተይዞ እንዴት ይለቀቃል?»

በራያዋ ዋጃ ከተማ ቡና በተጠጣ ቁጥር የማይቀር ወቀሳ አለ፦ «ሐሺሹ ከሻንጣው ወጣ፣ መንገደኛው ሁሉ አየ፤ ፍርድ ቤት ግን ለቀቀው።» ከዚያ ወሬው ወደ ጉቦ ይሄዳል። ጉቦ የለም አልልም። ግን ማንም ሳንቲም ሳይቀበል፣ ዳኛውም ሕጉን አክብሮ እንዲህ ያለ መዝገብ ሊወድቅ ይችላል። እንዴት እንደሆነ ዛሬ ላስረዳ።

ዳኛው ሻንጣው ሲፈተሽ ኬላው ላይ አልነበረም። ከወራት በኋላ የሚቀርብለት አንድ የታሸገ ከረጢትና አንድ የላቦራቶሪ ወረቀት ነው። «ይህ ኤግዚቢት ያን ቀን ከዚያ ሰው ላይ የተያዘው ራሱ ነው ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው፣ ከኬላው እስከ ችሎቱ ዕቃው በእጁ ያለፈ ሰው ሁሉ ቀንና ሰዓት ጠቅሶ የፈረመበት የርክክብ ሰነድ ነው። አንዱ ፊርማ ከጎደለ፣ በዚያ መሀል ዕቃው የት እንደነበር የሚናገር የለም።

ሕጉ ምን ይላል? የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 33 ፖሊስ የያዘውን ዕቃ ዘርዝሮ እንዲጽፍ፣ ዝርዝሩም በተቻለ መጠን በገለልተኛ ሰው ታይቶ እንዲፈረም፣ ዕቃውም ለፍርድ ቤት እስኪቀርብ በደህና ቦታ እንዲጠበቅ ያዛል። ያን ገለልተኛ ሰው ነው «የደረጃ ምስክር» የምንለው። «ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ተፈተሸ፣ ስለዚህ ተለቀቀ» የሚሉም አሉ። አንቀጽ 32 ግን ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል፣ ጥቆማ ደርሶ ትእዛዝ እስኪወጣ ማስረጃው ሊሸሽ እንደሚችል በበቂ ምክንያት ሲታመን፣ ያለ ትእዛዝ መፈተሽን ይፈቅዳል። የአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ከ5 ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራት የሚያስከትል ነው።

ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከፍተሻው በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ በደሴና በወልዲያ ወደ መቀሌ የሚሄድ አውቶቡስ ኬላ ላይ ቆመ እንበል። ረዳቱ ሻንጣውን ሁሉ ከላይ አውርዶ መሬት ላይ ደረደረው። «ይሄ የማን ነው?» ሲባል ማን አቤት ይላል? ሻንጣው የት ተጭኖ እንደነበር፣ ማን እንዳስጫነው፣ ምን ምልክት እንዳለበት እዚያው ካልተጻፈ በኋላ ማጣራት ጭንቅ ነው። ረዳቱ ሌላ መስመር ላይ ይሆናል፤ ተሳፋሪውም ተበትኗል።

ቀጥሎ ሚዛን ይመጣል። እርጥብ ካናቢስ አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው። በራያ ቆላ ሙቀት 20 ኪሎ የተመዘነ እርጥብ ዕፅ፣ ሲደርቅ ግማሹን እንኳ ላይመዝን ይችላል። ጠበቃው «ቀሪው የት ገባ?» ብሎ ሲጠይቅ የሰረቀ ሰው ላይኖር ይችላል። ግን «እርጥብ ነበር፣ ከነከረጢቱ ይህን ያህል መዘነ» ተብሎ በዕለቱ ካልተጻፈ፣ ጥርጣሬው ለተከሳሹ ይቆጠራል። እርጥብ ቅጠል በላስቲክ ታፍኖ ከዋለ ደግሞ ይሻግታል፤ አየር የሚያስገባ ወረቀት ይሻለዋል።

ከዚያ ምርመራው አለ። በዓይን አይቶ «ሐሺሽ ነው» ማለት አይበቃም። ናሙናው አዲስ አበባ ወደሚገኘው የፌዴራል ፖሊስ ፎረንሲክ ከተላከ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ማን አሸገው? ማን ይዞት ሄደ? የተረከበው ባለሙያ ማኅተሙን ሳይነካ አገኘው ወይ? ጥቅሉ ብዙ ከሆነም ናሙናው ከስንቱ እንደተወሰደ መጻፍ አለበት። በተባበሩት መንግሥታት መመሪያ ከሚጠቀሱት ልማዶች አንዱ ከ10 በታች ከሆነ ከሁሉም፣ ከ10 እስከ 100 ከሆነ ከ10 ጥቅል መውሰድ ነው።

ላቦራቶሪ ከደረሰ አለቀ ማለት እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ፣ ማሳቹሴትስ፣ አኒ ዱካን የምትባል የመንግሥት ላቦራቶሪ ኬሚስት ናሙናዎችን ሳትመረምር «ተመርምሯል» ብላ ስትፈርም ኖራ እ.ኤ.አ. በ2012 ተያዘች፤ በ2013 ጥፋቷን አምና ታሰረች። በ2017 ከ21 ሺህ በላይ የአደንዛዥ ዕፅ ክሶች ተሰረዙ። በተከሳሾቹ መሀል በእርግጥ ጥፋተኛ የነበሩ ነበሩ፤ ያለ ጥፋታቸው የታሰሩም ነበሩ። ፊርማዋ ስለማይታመን ማንኛው ማን እንደሆነ መለየት አልተቻለም።

እንግዲህ ርክክቡ የወንጀለኛ ማምለጫ ነው ለምትሉ፦ አንድ ቀን እናንተ ሳታውቁ ሰው ዕቃችሁ መሀል ጥቅል ሸጉጦ ቢሄድ፣ የሚከራከርላችሁ ያው ወረቀት ነው።

ስለዚህ የደረጃ ምስክር ሁኑ ብትባሉ፦

• ጥቅሉን ራሳችሁ ቁጠሩ፣ ሚዛኑ ሲነበብ እዩ።
• የታሸገው ፊታችሁ ካልሆነ «ሲታሸግ አይቻለሁ» የሚል ላይ አትፈርሙ።
• ባዶ ቦታ የተተወበት ቅጽ ላይ አትፈርሙ፤ «በኋላ እንሞላዋለን» ቢባልም።
• ቀኑንና ሰዓቱን ከፊርማችሁ ጎን በእጃችሁ ጻፉ።
• መጥሪያ ሲመጣ ሂዱ። ያያችሁትን ችሎት ፊት ካልተናገራችሁ ፊርማችሁ ብቻውን ብዙ አይራመድም።

ለአውቶቡስና ለአይሱዙ ረዳቶችም አደራ፦ ሻንጣ ስትጭኑ የቁጥር ወረቀት ለጥፉበት፣ የወረቀቱን ግማሽ ለባለቤቱ ስጡ።