የዜና ፎቶግራፍን ማረም የሚፈቀደው እስከ ምን ድረስ ነው?

ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ጽሑፉን ሲመለከት ጸሐፊው ተሳስቶ ወይም አድልቶ ይሆናል ብሎ ሊጠራጠር ይችላል፤ ፎቶግራፉን ግን ራሱ በቦታው ተገኝቶ እንዳየው አድርጎ ይቀበለዋል። የዜና ፎቶግራፍ ዋጋ የሚመነጨው ከዚህ እምነት ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ወይም አዘጋጁ በሥዕሉ ላይ እጁን ሊያስገባ የሚችለው እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ መመርመር ተገቢ ነው ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ማረም ሁሉ ማታለል አለመሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር ከመምጣቱ አስቀድሞ ፎቶግራፍ በጨለማ ክፍል ውስጥ ሲታተም፣ አታሚው በወረቀቱ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን በእጁ ወይም በቁራጭ ካርቶን እየከለለ አንዱን ስፍራ ያፈካው፣ ብርሃን እየጨመረም ሌላውን ያጠቁረው ነበር። ይህ የሚደረገው ካሜራ ብርሃንና ጥላን እንደ ሰው ዓይን አመዛዝኖ መያዝ ስለማይችል ነው። ዛሬ ይኸው ሥራ በኮምፒዩተር ይሠራል፤ ታላላቅ የዜና ድርጅቶችም በልክ እስከ ሆነ ድረስ ይፈቅዱታል። የሚከለክሉት በካሜራው ፊት ያልነበረውን መጨመርን፣ የነበረውንም ማጥፋትን ነው።

ይህን ወሰን በግልጽ ያለፈ ምሳሌ በ2003 ታይቷል። የሎስ አንጀለስ ታይምስ ፎቶግራፍ አንሺ ብራያን ዋልስኪ፣ በኢራቅ ጦርነት ጊዜ በባስራ አጠገብ አንድ የእንግሊዝ ወታደርና ሲቪሎችን የሚያሳዩ፣ በጥቂት ጊዜ ልዩነት የተነሡ ሁለት ፎቶግራፎችን አጣምሮ አንድ አደረጋቸው። ሥዕሉ በጋዜጣው የፊት ገጽ ከወጣ በኋላ፣ ከበስተኋላ ካሉት ሰዎች አንዳንዶቹ ሁለት ሁለት ጊዜ መታየታቸው ተደረሰበትና ከሥራው ተሰናበተ። ወታደሩም ሕዝቡም በእውነት የነበሩ ናቸው፤ ሥዕሉ የሚያሳየው ቅጽበት ግን ከቶ አልነበረም።

ከዚህ ይልቅ የሚያከራክረው በ2014 የተገለጸው ነው። ናርሲሶ ኮንትሬራስ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ በሶርያ አንድ ተዋጊ ባነሣበት ሥዕል ጥግ ላይ የባልደረባው የቪዲዮ ካሜራ ስለ ታየ አጠፋው። አሶሲየትድ ፕሬስ ይህን ባወቀ ጊዜ ከእርሱ የተቀበላቸውን ወደ 500 የሚጠጉ ፎቶግራፎች መረመረ፤ ሌላ ጉድለት ባያገኝም የሥራ ግንኙነቱን አቋረጠ። «ካሜራው ቢጠፋ የዜናው ፍሬ ነገር ምን ተጓደለ? ቅጣቱስ አልበዛም?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ እንደሚመስለን ግን ጥያቄው የዕቃው ትልቅነት ወይም ትንሽነት አይደለም። ባልደረባው በስፍራው መኖሩ ራሱ የእውነቱ ክፍል ነበር፤ ከዚህም በላይ አንባቢው አንዱ መታረሙን ከሰማ በኋላ የቀሩትን ሁሉ ለማመን ይቸገራል።

ይሁን እንጂ ይህ ደንብ ብቻውን አይበቃም። ምንም ሳይጨመርና ሳይቀነስ በብርሃን ብቻ ማሳሳት ይቻላልና። በ1994 ታይምና ኒውስዊክ የተባሉት የአሜሪካ መጽሔቶች፣ በነፍስ ግድያ የተከሰሰውን የኦ ጄ ሲምፕሰንን ያንኑ አንድ የፖሊስ ፎቶግራፍ በሽፋናቸው አወጡ። ታይም ግን ፊቱን አጥቁሮት ስለ ነበር፣ ገና ያልተፈረደበትን ጥቁር ሰው አስፈሪ ወንጀለኛ አስመሰለው ተብሎ ብርቱ ነቀፌታ ደረሰበት። በ1995 ሲምፕሰን በወንጀሉ ክስ በነፃ ተለቀቀ።

ከዚህም ሌላ፣ ኔጋቲፉ ሳይነካ ትዕይንቱ ራሱ ሊሰናዳ ይችላል። አሌክሳንደር ጋርድነር በ1863 በጌቲስበርግ የጦር ሜዳ ያነሣው የሞተ ወታደር፣ ከወደቀበት ስፍራ ተወስዶ በድንጋይ ምሽግ ውስጥ እንደ ተጋደመ፣ የታሪክ ተመራማሪው ዊልያም ፍራሳኒቶ ከ100 ዓመት በኋላ ሥዕሎቹን እያስተያየ አስረድቷል።

እንግዲህ ከደንቡ ጋር አንድ ጥያቄ ሊጨመር ይገባል እንላለን፤ ይኸውም «በዚህ ሥዕል ላይ ያደረግሁትን ሁሉ ለአንባቢው ብነግረው፣ አሁንም ያምነዋልን?» የሚለው ነው። ብርሃኑን ያመዛዘነ ሰው ይህን ለመመለስ አያፍርም፤ ሬሳ ያዛወረ ወይም ፊት ያጠቆረ ግን ዝም ማለትን ይመርጣል። ዛሬ ኮምፒዩተር ከቶ ያልተደረገውን ነገር እንደ ተደረገ አስመስሎ ሥዕል መሥራት በሚችልበት ዘመን፣ ፎቶግራፍ አንሺው የመጀመሪያውን ቅጂ ሳይነካ ማስቀመጥና ሲጠየቅ ማሳየት አለበት። በቦታው ያልነበረው አንባቢ ሌላ ምስክር የለውምና።